በባለቤቴ ግራ እግር ውስጥ ስለሚገኘው ልምድ

ለተከበሩ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎና ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎና አንገትዎ ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ፤ እነዚህን ለይቼ ያነሣሁበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ከግቢ ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ካለው ሰዓት በስተቀር።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ወደ መንገዱ በሚያሳየው መስኮት ሥር ስለሆነች በሰፈራችን ማን ወጣ፣ ማን ገባ ከእኔ አያመልጥም። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በአካል ቀርቤ ላመሰግንዎ ደጋግሜ ወደ ቢሮዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ምስጋናዬ ሆዴ ውስጥ ተጠራቅሞ እንዳያሳምመኝ ብዬ ነው።

የማመሰግንዎ መሥሪያ ቤትዎ በቅርቡ ስላወጣው አዲስ መመሪያ ነው። መመሪያውን ላልሰሙ አንባቢዎች ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሃያ ዓመት ያለፈው ሰው ልምዱ ተቆጥሮለት ከእንግዲህ የተግባር ፈተናም ሆነ የዓይን ምርመራ አይጠየቅም፤ በዚያ ፈንታ «ባለ ልምድ አሽከርካሪ» የሚል የሚያብረቀርቅ ተለጣፊና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይሰጠዋል። ባለቤቴ ይህ ክብር ከደረሳቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። ተለጣፊውን የት እንደሚለጥፈው ሲያወጣና ሲያወርድ ውሎ በመጨረሻ ስፖኪዮው ላይ ለጠፈው። ከኋላህ የሚመጣውን መኪና ይከልልብሃል ብዬ ብነግረው፣ እኔ ወደ ኋላ የማይ ሰው አይደለሁም አለኝ።

ባለቤቴን በአክብሮት ላስተዋውቅዎ። በወጣትነቱ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ከቤት ቤት እየበረረ ቆጣሪ ሲያነብ ጓደኞቹ «ጄቱ» የሚል ስም አወጡለት፤ እኔም የዋህ ነበርኩና የወደድኩት ያኔ ነው። ይህ ሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ እድገት አግኝቶ ጠረጴዛ ተሰጠው፤ ሞተር ሳይክሉም አርጅቷል ተብሎ ሲወገድ ወስዶ ግቢያችን ውስጥ በሸራ ሸፈነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንድም ቀን አልተነሣም። ሸራው ሲበጫጨቅ እኔ ልብስ አሰጣበት ጀመር። ኮርቻው ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ነበር፤ ልጃችን በተወለደች ጊዜም የሽንት ጨርቋ በሙሉ የደረቀው መሪው ላይ ነው። መንጃ ፈቃዱን ግን ሳያሳድስ ቀርቶ አያውቅም። ሊያሳድስ ወደ እናንተ ዘንድ የሚሄደው በታክሲ ነበር።

እንግዲህ መሥሪያ ቤትዎ የአርባ ዓመት ልምድ ብሎ የቆጠረው ይህንን ነው። በዚህ አቆጣጠር ከሄድን፣ የሟች ወንድሜ ጊታር ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ብዙ ዘመን ሆኖታልና እኔም አንጋፋ ሙዚቀኛ ነኝ ማለት ነው፤ የሚመለከተው ክፍል ተለጣፊዬን እንዲልክልኝ በዚሁ አጋጣሚ በትሕትና አሳስባለሁ።

አሁን ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ የዓይን ምርመራው ስለቀረ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ በቅርቡ በራፌ ላይ ያቆምኳትን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት እኔ መስላው፣ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ እያውለበለበ ከመንገድ ማዶ ሰላም ብሏት አልፏል። እኔ ከመስኮቱ ሆኜ አይቼዋለሁ። አሻንጉሊቷ ከእኔ በጣም ቀጭን ስለሆነች ነገሩን እንደ ሙገሳ ወስጄዋለሁ እንጂ ቅር አላለኝም።

ሁለተኛ፤ የአንገት ነገር ነው። የባለቤቴ አንገት ለብቻው አልዞርም ካለ ሰንብቷል፤ ወደ ጎን ማየት ሲፈልግ ትከሻው አብሮ ይዞራል፣ ትከሻው ሲዞር ክንዱ ይከተላል፣ ክንዱ ሲከተል መሪው አብሮ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የዳቦ ቤቱን አዲስ ማስታወቂያ አያለሁ ብሎ ከነሞተሩ ዳቦ ቤት ገብቷል። ዳቦ ጋጋሪው ጨዋ ሰው ነውና ከወደቁት ትሪዎች መሃል ቆሞ ምን ልታዘዝ አለው። ባለቤቴም አፍሮ የማንበላውን ያህል ዳቦ ይዞ መጣ።

ሦስተኛ፤ ስለ ጆሮው አላነሣም፤ መመሪያውም አላነሣምና።

አራተኛ፤ ወጣቶቹን አጥብቃችሁ መፈተናችሁን ያለ አንዳች ቀልድ አመሰግናለሁ። ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት የፊት ጎማቸውን ሽቅብ አንሥተው በመስኮቴ ሥር የሚያልፉትን ጎረምሶች ያየ ሰው ፈተናው በዛ ሊል አይችልም፤ እንዲያውም እናቶቻቸውም ቢጠሩ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የጎረቤቴ ልጅ በሞተር ዕቃ አድራሽ ናት፤ ፀሐይ ሆነ ዝናብ ጠዋት የወጣች ማታ ትገባለች። አንድ ቀን ዘይት በፈሰሰበት መታጠፊያ ላይ ወድቃ ትከሻዋ ከተሰበረ ወዲህ፣ መታጠፊያ ባየች ቁጥር ውኃ በእጇ የያዘች ይመስል ቀስ ትላለች። ልጅ ናት ተብላ በየዓመቱ ትፈተናለች። መፈተኗ መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህቺ ልጅ በአንድ ዝናባማ ወር የምትነዳውን ያህል ባለቤቴ ሞተሩን በሸራ ከሸፈነ ወዲህ አልነዳም። ጎረምሳው ገና ያላየውን ነገር አያውቅም፣ የእኔ ባል ደግሞ የረሳውን ነገር አያውቅም። መሥሪያ ቤትዎ የመጀመሪያውን ብቻ ነው ያገኘው።

አምስተኛውን ስጽፍ ቀልዴ ትንሽ ይቀንሳልና ይታገሱኝ።

ባለቤቴ ጡረታ እንደወጣ ያንን ልብስ የማሰጣበትን ሞተር ሊያስነሣው ፈልጎ ነበር፤ መካኒኩ ግን መለዋወጫው ከምድር ጠፍቷል ስላለው፣ ጉልበቱ የአሮጌው እጥፍ የሆነ አዲስ ገዛ። ችግሩ ጉልበቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቅሁ። በአሮጌው ሞተር ላይ ፍሬኑ በግራ እግር፣ ማርሹ በቀኝ እግር ነበር። በአዲሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፍሬኑ ቀኝ፣ ማርሹ ግራ። ባለቤቴ ይህንን አሳምሮ ያውቃል፤ ሲነዳም «ቀኝ፣ ቀኝ» እያለ ለራሱ ይናገራል። ሲደነግጥ ግን፣ ውሻ ድንገት ሲገባበት ወይም የመኪና በር ፊቱ ሲከፈት፣ እግሩ እሱን ትቶ ጄቱን ይታዘዛል። ግራ እግሩ ፍሬን ብሎ የሚረግጠው ማርሽ ነው፤ ሞተሩም ያጓራል እንጂ አይቆምም። ባለፈው ሰሞን የሕፃናት ኳስ መንገድ ላይ ተንከባልሎ ሲገባበት፣ ከሚሠራው ሕንፃ ፊት ለፊት ከተከመረው አሸዋ ውስጥ ነው ያወጣነው። አሸዋው ባይኖር ከኋላው ግንቡ ነበር። እስከ ወገቡ አሸዋ ውስጥ ተቀምጦ፣ «ፍሬኑን እኮ ረግጬዋለሁ!» እያለ ይምል ነበር፤ ሲምልም እውነቱን ነው። ረግጦታል፤ የረገጠው ግን እኔ ልብስ የማሰጣበትን የሞተር ሳይክል ፍሬን ነው።

ክቡር ሆይ፣ ዛሬ መንዳት የጀመረ ሰው ይህንን ስሕተት ሊሠራ አይችልም። ይህ ስሕተት የሚሠራው ልምድ ባለው ሰው ብቻ ነው፤ እናንተም ማኅተም ያሳረፋችሁበት በትክክል ይህንኑ ልምድ ነው። ስለ ጥንቃቄያችሁ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

እስካሁን የጻፍኩት የእሱን አጥንት ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ እንደ ሌላው ጊዜ ፋሻ አዘጋጅቼ ዝም እል ነበር። አሁን ግን ትምህርት ሊከፈት ነው። ልጄ ሥራ የምትገባው ማልዳ ስለሆነ አባቷ የልጅ ልጃችንን በየጠዋቱ በሞተር ሊያደርሳት ቃል ገብቷል። ልጅቷ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ እጆቿ ተዘርግተው ወገቡን አይዞሩትም፣ ቀበቶውን ነው የምትይዘው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከቁልቁለቱ ሥር ነው፤ በሩ ላይ ከየአቅጣጫው ሕፃናት ድንገት ዘው የሚሉበት ቦታ። አይሆንም አልኩ። ባለቤቴ የእናንተን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ልጄ ማኅተሙን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያም «እማዬ ደግሞ፣ መሥሪያ ቤቱ ያመነበትን አንቺ ልትጠራጠሪ ነው?» አለችኝ። እሷን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ማኅተም ግን የለኝም።

ቁልፉን ለምን አትደብቂውም ይሉኝ ይሆናል። አስቤው ነበር። ባለቤቴ ጡረታ እንደወጣ ሰሞን ጢሙን መላጨት ትቶ፣ ፒጃማውን ሳያወልቅ ከሶፋው ጥግ የሚውል ሰው ሆኖ ነበር። ያንን ሄልሜት ሲያጠልቅ ወገቡ ይቃናል፤ እያፏጨ ይወጣል። እወደዋለሁ፤ ይህንን በጋዜጣ ለመጻፍ ዕድሜዬም አይከለክለኝም። አርጅተሃል የምትለው ሰው እኔ መሆን አልፈልግም። ግን እፈራለሁ። ሲወጣ መርፌዋን አቆማለሁ፤ የሞተሩ ድምፅ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ አንድ ስፌት አልሰፋም። ደንበኞቼ ሥራ ታጓትቻለሽ የሚሉኝ በእናንተ መመሪያ ምክንያት መሆኑን ይወቁልኝ።

ደብዳቤውን ሳልልከው ለራሱ አነበብኩለት፤ ከጀርባው ማማት ደስ አይለኝምና። አሻንጉሊቷ ጋ እስኪያስለው ሳቀ። ዳቦ ቤቱ ጋ አጋነንሽ አለ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ጎንበስ ብሎ ግራ እግሩን አየው። ከዚያ፣ «እኔ ምን ላድርግ፤ የሚመለከተው አካል ይናገር» አለኝ። የሚመለከተው አካል እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ባለቤቴን፣ መሰሎቹንም ሁሉ፣ ወደ ፈተና ሜዳችሁ ጥሯቸው። ዕድሜያቸውን አትጠይቁ፣ መንጃ ፈቃዱ የወጣበትንም ዓመት ተዉት፤ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደነዱና ምን እንደነዱ ጠይቋቸው። ስምንት ቁጥሩን ይዙሩ፤ እየዞሩ ሳሉ አንድ ሰው ድንገት ባንዲራ ያውለብልብና የትኛው እግር እንደሚረግጥ እዩ። ግራው ከሆነ ቀኙ እስኪለምድ ድረስ ሜዳችሁ ላይ ያዙልኝ፤ ምሳውን እኔ አመላልሳለሁ። ቀኙ የረገጠ ዕለት ቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነኝ፤ ተለጣፊውንም እንደ አዲስ ስጡት፣ ቦታውን ግን እኔ እመርጥለታለሁ።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ወይም ስብሰባው ሲያልቅ ስለሚሰጡኝ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለእርስዎም ሆነ ለመላው ባልደረቦችዎ አንገት ሳይዞር መንገድ ሁሉ ቀጥ ያለ እንዲሆንላችሁ፣ የምትረግጡትም ፍሬን ባለበት እንዲገኝላችሁ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የጄቱ ባለቤት
ልብስ ሰፊዋ፣ ከመስኮቱ ሥር

ማሳሰቢያ፤ ባለቤቴ የእርስዎን ውለታ በምን እንደሚመልስ ግራ ገብቶት ስለሰነበተ አንድ ሐሳብ አቀረብኩለት፤ በደስታ ተቀበለው። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በሞተሩ ከመሥሪያ ቤትዎ በር ወስዶ፣ በቁልቁለቱ አድርጎ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ያንሸራሽርዎታል። ሞተሩን ከአሁኑ ወልውሎ ጨርሷል፤ ሄልሜት ግን የራስዎን ይዘው እንዲመጡ አደራ፤ እቤት ያለው ትርፍ ሄልሜት በሕፃን ልክ የተገዛ ነው። ከልጄም ጋር ተስማምተናል። እርስዎ ከኋላው ከተቀመጡ እኔ አንድ ቃል አልተነፍስም፤ ሰኞ የልጅ ልጄን በገዛ እጄ አንሥቼ አስቀምጣታለሁ። ዛሬ ስብሰባ አለኝ ካሉ ግን ልጅቷ ከእኔ ጋር በእግሯ ትሄዳለች። ልጄ ቅዳሜ የልጇን እጅ ይዛ በርዎ ላይ ቆማ ታያለች።