ጾም የማያውቀው ሚድልዌር እና የእኔ ወንበር

ለተከበሩ ወይዘሮ መርሃዊት
የወተት ማከፋፈያ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ካዛንቺስ፣ ገና ባልፈረሰው ሕንፃ

ከሰርቨራችን ይልቅ የማይቋረጥ ጤና እየተመኘሁልዎ፣ እኔ ሠራተኛዎ ሚፍታህ፣ ይህን ደብዳቤ በኢሜይል ብልከው ሚድልዌሩ ለደንበኞች ሁሉ ያደርሰዋል ብዬ ስለሰጋሁ፣ ድካሙን ላቀልለት እኔው ራሴ ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ ደብዳቤ አውጥቼዋለሁ።

ለማያውቁን አንባቢያን፦ ድርጅታችን ሁለት ሶፍትዌሮች አሉት። አንዱ የካፌዎችን ትእዛዝ ይቀበላል፤ ሌላው ወተት የሚጭኑትን መኪኖች ያሰማራል። ሁለቱ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ስለማይነጋገሩ፣ ከአንዱ እያነበብኩ ሌላው ላይ ስጽፍ የኖርኩት ሽማግሌያቸው እኔ ነበርኩ። በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ሚድልዌር የሚባለውን፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ሶፍትዌር እንግዛ» ያለውም ይኸው ሽማግሌ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ማለቴ፣ ሳሩ በሻጮቹ ስላይድ ላይ በጣም ያምር ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለመጀመሪያው ዓርብ አመሰግናለሁ። ካፌዎቹ ትእዛዛቸውን ያስመዘገቡት አንዴ «በየቀኑ» ብለው ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን ለኮምፒውተር መንገር ያስፈልጋል ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔ ዝም ብዬ እዘላቸው ነበር። ሚድልዌሩ ግን ታማኝ ነው፣ በየቀኑ ከተባለ በየቀኑ ነው። የኦሎምፒያዋ ባለካፌ ፍረወይኒ በጾሙ ቀን ወተት ሲራገፍላት ደውላ «አንተ ሚፍታህ፣ ልታስገድፈኝ ነው እንዴ?» ስትለኝ፣ በዚህ ሁሉ ክርስቲያን መካከል ጾሙን ሲጠብቅ የኖረው አንድ የወሎ ሰፈር ሙስሊም መሆኑ ለሁላችንም ተገለጠልን።

፪. «በጭንቅላትህ ያለውን ሁሉ ለሚድልዌሩ አስተምረህ ጨርስ፤ ከዚያ በክብር እንሸኝሃለን» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። በትጋት አስተማርኩት፦ ረቡዕና ዓርብ ለጾመኛ ካፌ ወተት የለም። ጎበዝ ተማሪ ነው፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳውን ቀን እንደማይጾም ግን መምህሩ ረስቶታል። ሕዝቡ ማኪያቶ አምሮት በተሰለፈበት ረቡዕ፣ ከለገሃር እስከ ኦሎምፒያ አንዲት ጠብታ አልደረሰችም። የለገሃሩ ባለካፌ ታዲዎስ «ወንድሜ፣ ዘንድሮ ፍልሰታ በሚያዝያ ገባ?» ሲለኝ፣ ጥፋቱን በኔትወርክ ላይ አሳበብኩ። በቃ፣ የኔትወርክ ውለታ አለብኝ።

፫. ሽኝቱ ሳይደርስ ወንበሬን አስቀድመው ስላስነሱልኝም አመሰግናለሁ። አሁን በየማለዳው ሚድልዌሩ የሚያስተላልፈውን የማርመው ቆሜ ነው። ድሮ በሁለት ሲስተሞች መካከል ነበርኩ፤ ዛሬ በሦስት መካከል ነኝ። ይህ የደረጃ እድገት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወይ ወንበሬን ይመልሱልኝና እንጀራዬን ይተዉልኝ፣ ወይ ለተማሪዬ የሚጾም ሆድ ይግዙለት።

ወንበር በማጣት ሳይሆን በአክብሮት ብዛት ቆሜ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
ሚፍታህ
የድርጅቱ የመጀመሪያው ሚድልዌር

ሳልረሳው፦ ሃምሳው አለቀ፣ ሰኞ የሰኔ ጾም ይገባል። ፍረወይኒ ትጾማለች፤ ታዲዎስ «የቄስ ጾም ነው» ብሎ ይጠጣል። የቀሩትን ካፌዎች ጠባይ ለተማሪዬ ገና አላስተማርኩትም። የዓመት ፈቃዴም የሚጀምረው ሰኞ ነው። ሚድልዌሩን ከሰው ኃይል ሲስተሙ ጋርም አገናኝተነው የለ? ጠየቅኩት፣ ዐይኔን ሳላርገበግብ አጸደቀልኝ። ከጾመኞቹ ለሚመለሰው ወተት ማቀዝቀዣውን ከወዲሁ ባዶ ያስደርጉ።