በመርፌ የተጎረጎረችው ቀዳዳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ሱሉልታ

ሞተሬ ዛሬ ዳገቱን አንዴም ሳይጠፋብኝ ወጣ። ሁለት ሳምንት ጥቁር ጭስ እየተፋ መንገድ ላይ ሲያስቀረኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት ጫንጮ ምጥ የጠናባት ላም ላዋልድ ተጠርቼ የደረስኩት ጥጃው ከሞተ በኋላ ነው።

ጠዋት ቡራዩ፣ መካኒኩ ኦቦ ገመቹ ጋ ወሰድኩት። ካርቡሬተሩን ፈቱና ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ጄት ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩዋት።

«ይቺን ቀዳዳ ማን አሰፋት?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። ቆሻሻ ላወጣ ብዬ በመርፌ የጎረጎርኳት እኔው ነኝ።

ከአሮጌ ዕቃቸው መሃል ልኳን ፈልገው ገጠሙ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ድምፁ እስኪስተካከል የካርቡሬተሩን ማስተካከያ ብሎን በትንሽ በትንሹ እያዞሩ አዳመጡ። አላስቻለኝም።

«ኦቦ፣ እኔ ነኝ ያሰፋኋት።»

«አውቄያለሁ ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሌላ ጊዜ እፍ በያት።»

ለእሳቸው ተናገርኩ። ጥጃው ለሞተበት ለሐሙሱ ገበሬ ግን ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከጫንጮ ተደወለልኝ፤ የሌላ ሰው ላም አምጣለች። በጊዜ ደረስኩ። ጥጃዋ በሕይወት ወጣች። እጄን ታጥቤ ከጨረስኩ በኋላም፣ እየተንገዳገደች ጡት ስትፈልግ እያየሁ ብዙ ቆየሁ።