የፎርማጆ አድማጩና የሰገነቱ ዳኛ የሲኞር ኤርሜስ ፎንታኔዚ የሕይወት ታሪክ

ሲኞር ኤርሜስ ፎንታኔዚ ከአባታቸው ከሲኞር አርጌዎ ፎንታኔዚና ከእናታቸው ከሲኞራ ዴሊና ካንቲ በቦርጎ ሳን ቪታሌ፣ ከወተት ማኅበሩ ጀርባ ባለው ቤት፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በተወለዱበት ቀን መንደሩን በጩኸት አናውጠውት እንደነበር አክስታቸው ይናገሩ ነበር፤ እኛ ጎረቤቶቻቸውም ከዚያ ወዲህ ብዙ ጸጥታ አላየንም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1955 በወተት ማኅበሩ ተቀጥረው፣ ድፍን ፎርማጆ በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ውስጡ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በድምፁ የሚለዩ ባለሙያ ሆኑ። በዚህ ሥራ አርባ ሦስት ዓመት ሲያገለግሉ መጋዘን ገብቶ ዓመት ያልሞላውን ፎርማጆ አንኳኩተው አያውቁም፤ «ገና ምን ይናገራል?» ይሉ ነበር።

በ1963 ከሲኞራ ኢዮሌ ቤርታኒ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ኢቫናንና ማውሮን አፍርተዋል። ምግብ ሳይቀምሱ በማሽተት ብቻ ይተቹ ስለነበር፣ ሲኞራ ኢዮሌ «እንግዲያው ሳህኑንም አንኳኳው!» ይሏቸው እንደነበር ግድግዳ የምንጋራ ሁሉ እናስታውሳለን።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ቦታቸው የከተማችን ቴአትር ሰገነት ነበር። የሰገነቱ ሰው የወደደውን ያጨበጭብለታል፣ የጠላውን በፉጨት ያወርደዋል፤ ታዲያ ሲኞር ኤርሜስ ሳያፏጩ ማንም ደፍሮ አያፏጭም ነበር።

ቴአትሩ በየሁለት ዓመቱ የአንድ ጀማሪ የሙዚቃ ደራሲ ኦፔራ አዘጋጅቶ ለአንድ ቀን ያሳይ ነበር። በ1978 የወጣቱ የኤልቪዮ ማሪ ሥራ በቀረበ ጊዜ ሲኞር ኤርሜስ ሁለተኛው ክፍል ሳይጋመስ አፏጩ፤ ሰገነቱም ተከተላቸው። ወጣቱ በማግስቱ ከተማውን ለቆ ሄደ፤ ሙዚቃም ዳግመኛ አልጻፈም። ስሙ በተነሳ ቁጥር ሲኞር ኤርሜስ መዶሻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መወልወል ይጀምሩ ነበር።

ከኤልቪዮ በኋላ የመጡት ሁለት ጀማሪዎችም በፉጨት ወረዱ። በ1984 የከተማው ምክር ቤት ቁርጡን ተናገረ፦ አንድ ኦፔራ ዳግመኛ በፉጨት ከተቋረጠ ለአዳዲስ ደራሲዎች የተከፈተው በር ይዘጋል። ተራው የደረሳት የሃያ ሰባት ዓመቷ ኦርኔላ ሳቢዮኒ ነበረች። የቴአትሩ ሥራ አስኪያጅ ሲኞር ቱሊዮ እስከ ፎርማጆው መጋዘን ድረስ መጥተው «ሲኞር ኤርሜስ፣ በማርያም፣ ያን ቀን ይታመሙልኝ» ብለው ለመኗቸው። «ጤነኛ ነኝ፤ እመጣለሁ» ብለው አሰናበቷቸው። ያን ሳምንት ልጅቷ እንቅልፍ አልነበራትም። እውነቱን ለመናገር እሳቸውም አልተኙም፤ ሲንጎራደዱ በግድግዳው በኩል እንሰማ ነበር።

እሑድ ኖቬምበር 18 ቀን የመጀመሪያው ክፍል ያለ ጭብጨባም ያለ ፉጨትም አለፈ። በሁለተኛው ክፍል ዘፋኟ ብቻዋን ቆማ አንድ ረጅም ዜማ ስትጀምር፣ የሰገነቱ ሰው ሁሉ መድረኩን ትቶ የሲኞር ኤርሜስን አፍ ያይ ጀመር። ኦርኔላም ከመጋረጃው ጎን ሆና ወደዚያው ታይ ነበር። ዜማው እሳቸውን አልጣማቸውም፤ ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ። በዚህ መካከል ከግራ በኩል አንድ ሰው ቀድሟቸው አፏጨ። ሲኞር ኤርሜስ መዶሻቸውን መዘው የሰገነቱን የብረት መደገፊያ ሦስት ጊዜ መቱት። ዘፋኟ ዝም አለች፤ ኦርኬስትራውም ቆመ።

«ኤርሜስ! ጆሮህ ሻገተ እንዴ?» አለ ፉጨቱን የጀመረው ሥጋ ሻጩ ኔሎ።

«የሻገተው ያንተ ምላስ ነው! እኔንም አልጣመኝም። ግን የዛሬ ፎርማጆ ዛሬ ይንኳኳል? ልጅቷ ትጨርስ! በዓመቱ ደግመን እንስማውና ያኔ ካልሆነ እኔው አፏጫለሁ!»

«እስከ ዓመት ከቆየህ ነዋ!» አለ ኔሎ።

ሰገነቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ዘፋኟ ዜማዋን ከመጀመሪያው አነሳች፤ እስከ መጨረሻውም ማንም አላፏጨም።

ከዚያ ወዲህ ቴአትሩ የጀማሪ ኦፔራ በሦስት ተከታታይ ዓመታት ሦስት ጊዜ ሳይሰማ እንዳይጣል ደንብ አወጣ። ደራሲዎቹ በየመካከሉ ያርማሉ፤ ኦርኔላም ያን ረጅም ዜማ አሳጠረችው። በሦስተኛው ዓመት ሲኞር ኤርሜስ ተነሥተው ሲያጨበጭቡ፣ ሲኞራ ኢዮሌ «ለእኔ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አላጨበጨብክም» ብለዋቸዋል። በዚህ ደንብ እስካሁን አሥራ አንድ ደራሲዎች ተሰምተዋል። ሲኞር ኤርሜስ ለኤልቪዮ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር፤ መልስ አልመጣም።

ከ2017 ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲሰቃዩ ኦርኔላ በየሳምንቱ እየመጣች አዲስ ዜማዋን ጆሯቸው ሥር ታንጎራጉርላቸው ነበር። እሳቸውም «ገና ነው» ይሏታል። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማርች 6 ቀን 2019 በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

በኑዛዜያቸው መሠረት የቴአትሩ መዘምራን ዛሬ የሚያሰሙን ያንኑ የኦርኔላን አዲስ ዜማ ነው፤ በሰው ፊት ተዘምሮ አያውቅም። የጣመው ያጨብጭብ። ያልጣመው ዝም ይበል፤ በሙት ዓመታቸው ተሰብስበን ደግመን እንሰማዋለን።

መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ በእሳቸውም ላይ ከመፍረዱ በፊት እስከ መጨረሻው ይስማቸው። አሜን።