ጣሪያው ያልተከደነው ፎቅ

ለልጄ ለኢቲሳም፣ አሰላሙ አለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከተማችን ሐይቅም መንገዱ ተከፍቶ ገበያው ቆሟል፤ መብራትና ስልክ ግን ገና አልተመለሱም።

ከጦርነቱ በፊት የላክሽው የሚገጣጠም መጫወቻ ፎቅ እንዴት ነው ብለሽኝ ነበር። የፕላስቲክ ጡቦቹ ጥፍር ቢያህሉም አንዱ ካንዱ ጥብቅ ብሎ ይገጥማል። መመሪያው ሥዕል ብቻ ስለሆነ ለእኔም ገብቶኛል። አባትሽ ሦስቱን ደርብ ሠርቶ መስኮቶቹን በባትሪ ድንጋይ ሲያበራ፣ «ሠላሳ ዓመት ስገነባ ቱንቢ የማይፈልግ ግድግዳ ገና ዛሬ አየሁ» ብሎ ስቋል።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ የፎቁን ጣሪያ ሳይከድን፣ የሁለት ቀን ሥራ አለኝ ብሎ ውጫሌ ሄደ። አሁን ጥር ነው፤ ሥራው በዝቶበት ይሆናል።

ጎረቤታችን ስህን፣ «አሲያ፣ ጣሪያውን እኔ ልክደንልሽና ይለቅልሽ» ብትለኝ እንቢ አልኳት። እሱ የጀመረውን ቤት ሌላ እጅ ሲጨርሰው እንደማይወድ ታውቂያለሽ። ሲመሽ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ጥቂት አበራለሁ፤ የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ቶሎ አጠፋዋለሁ።

ድንገት ወዳንቺ ከደወለ፣ ጣሪያው እየጠበቀው እንደሆነ ንገሪው።

አላህ ሦስታችንን በአንድ ማዕድ ይሰብስበን።

እናትሽ አሲያ