ስም የሌላቸውን ፎቶ ማንሳት

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

የሆስፒታሉ ፎቶ አንሺ ጡረታ ወጣ። ካሜራው ለእኔ ተሰጠ። "የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ ፎቶ አንሺ አይደለሁም" አልኩት ኃላፊዬን።

"ቁልፉን መጫን ነው። ሬሳ አይንቀሳቀስብሽ፣ ምን ያስቸግርሻል?" ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን ሲመጣ ፊቱን ማንሳት፣ ቁጥር ሰጥቶ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ። ሰው የጠፋበት መጥቶ ያያል። በአሥራ አምስት ቀን ፈላጊ ካልመጣ ይቀበራል። ሥራው ይኸው ነው።

ዛሬ ሦስት አነሳሁ። ከእግራቸው በኩል ቆሜ፣ በፍላሽ፣ ፊቴን አዙሬ ማለት ይቻላል። የሬሳ ክፍሉ ሽማግሌ፣ ሁሉም ጋሽ ብርዱ የሚላቸው፣ "ጠጋ በይ፣ አይነክሱሽም" አሉኝ። አልተጠጋሁም። ምሳም አልበላሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ባሏ የጠፋባት ሴት መጣች። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየች። አሥራ አራት ቁጥር ላይ ትንሽ ቆም አለች... አለፈችው። "የለም፣ ተመስገን" አለች። ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 28

ያቺ ሴት ተመለሰች። ሌላ ቦታ ሁሉ ፈልጋ አጣችው። "እስቲ ልብሶቹን አሳዩኝ" አለች። ጋሽ ብርዱ የተቀበሩትን ሰዎች ልብስ በየከረጢቱ አመጡላት። ሦስተኛው ላይ እጇ ቀጥ አለ። ግራጫ ሹራብ፣ ክርኑ በአረንጓዴ ክር የተሰፋ።

"እኔ ነኝ የሰፋሁለት። ግራጫ ክር አጥቼ።"

አሥራ አራት ቁጥር። ከተቀበረ ስምንት ቀኑ።

ፎቶውን ከመዝገቡ አወጣሁላት። "ይሄንንማ አይቼዋለሁ..." አለች። ከቦርሳዋ የራሷን ፎቶ አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የእሷ ፎቶ ላይ ጠረጴዛ ተደግፎ የሚስቅ ሰው። የእኔ ላይ... ነጭ ግንባር፣ ሁለት ትልልቅ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የተከፈተ አፍ። የወለደችው እንኳ አታውቀውም።

"ማነው ያነሳው?"

"ጡረታ ወጥቷል" አልኩ።

ምን ነካኝ? ምላሴ ከየት አመጣው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

ሥራ ላይ ሁለት ፋይል አበላሸሁ። ያን ሰው ያለ ዘመድ ያስቀበረው ማነው? እኔ አይደለሁም እንዴ?

እሑድ፣ ኅዳር 2

ካሜራውን አስፈቅጄ ቤት አመጣሁት። በቀን ሃያ ፎቶ ላነሳ ነው፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። እህቴ አልጋዋ ላይ ተጋደመችልኝ። "እኔን ገድለሽ ነው ሙያ የምትለምጂው?" ትላለች። ሳቋ አልቆም አላት። ሃያውም አስቀያሚ። በፍላሽ የራሴን እህት አላወቅኳትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ፍላሹን አጠፋሁት። አልጋውን እየጎተትን መስኮቱ ሥር አደረስነው። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጉንጯ ተመለሰ። በርጩማ ላይ ወጥቼ ከደረቷ በላይ ሆኜ ሳነሳት ደግሞ አፍንጫዋ የራሷ ሆነ። እስካሁን ወደ ሁለት መቶ ደርሷል። እሷን የሚመስሉት አራት ናቸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ሳነሳት እንቅልፍ ወሰዳት። በሌንሱ ሳያት... እዚያ ካሉት በምን ትለያለች? ክው አልኩ። እግሯን ነካሁት።

"ምነው?"

"ምንም። በርዶሽ እንደሆነ ብዬ።"

ከእንግዲህ እሷን አላስተኛም። ጎረቤታችን ያሉትን ባልቴት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አነሳለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 28

የአሥራ አራት ቁጥር ሚስት የሞት ምስክር ወረቀት ልትወስድ መጣች። ማኅተሙን መታሁ። እጄ ወረቀቱን አልለቅ አለ።

"ያን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጡረታ ወጥቷል ያልኩሽ ውሸቴን ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። ስድብ ጠበቅኩ።

"ጆሮውን ለምን አላነሳሽውም?" አለች ቀስ ብላ። "የግራ ጆሮው ጫፍ ቆራጣ ነው። ጆሮውን ባየው ኖሮ..."

"እኔም አላየሁትም።"

"አላየሽውም" አለች። ወረቀቱን አጥፋ ሄደች። ይቅር በይኝ አላልኳትም። በምን አፌ?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

አሁን ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ፎቶ። ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ጋሽ ብርዱ ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ እኔ ፀጉራቸውን አበጥራለሁ። አገጫቸው ሥር ፎጣ ጠቅልዬ ሳደርግ አፋቸው ይገጥማል። ከዚያ አልጋውን እየገፋን መስኮት ወዳለበት እናወጣቸዋለን።

"ሙሽራ አስመሰልሻቸው" አሉ ጋሽ ብርዱ። ማናችንም አልሳቅንም።

የቤቱ ሃያም አልተቋረጠም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

አንድ አባት ከትልቋ ልጃቸው ጋር መጡ። ታናሽየዋ ከጠፋች አራት ቀን። ሰሌዳው ጋ አልደረሱም። ገና በሩ ላይ፣ አሥር እርምጃ ሲቀራቸው፣ አባትየው ቆሙ።

"እሷ ናት።"

"አባዬ፣ መጀመሪያ ቅረብና እይ እንጂ።"

"ምን ልቅረብ። እሷ ናት።"

እዚያው በሩ ላይ ወደቁ። ልጅቷ ግድግዳውን ይዛ ጮኸች። ወንበር አመጣሁ። ውኃ አመጣሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ?

ያን ፎቶ ሳነሳ አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል። የቅንድቧ ጠባሳ እንዲታይ ሁለቴ በርጩማውን አዛውሬአለሁ። ጥሩ ፎቶ ነው... ጥሩ በመሆኑ ነው ሰውየው በሩ ላይ የወደቁት። ደስ ይበለኝ? አላውቅም።

ነገ ራሳቸው ይቀብሯታል። ስሟን ፊደል በፊደል ነገሩኝ፣ እንዳልሳሳት። መዝገቡ ላይ ቁጥሩን ሰርዤ ስሟን ጻፍኩ። ፎቶዋን ከሰሌዳው ነቅዬ ፋይል ውስጥ ላስገባ ስል አባትየው እጃቸውን ዘረጉ።

"ለእኔ ስጪኝ" አሉ።

ሰጠኋቸው። በመሃረባቸው ጠቅልለው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።