የሐሙሱ ስልክ

ለምትናፍቂኝ እህቴ ለኢቮን፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም ምርኩዙን አልለቀቅሽም? የባለቤትሽ የኮሊን ወገብ እንዴት ሆነ? እማዬስ በደህናው ጆሮዋ በኩል ትሰማለች? ምግብስ ትበላለች ወይስ እንደ ልማዷ ለውሻው ታቀብለዋለች? እናንተ ጋ፣ ከምድር ወገብ ወዲያ፣ ብርዱ እየለቀቃችሁ ይሆናል። እኛ ጋ ገና መያዙ ነው። ትናንት ገመድ ላይ ያሰጣሁትን ፎጣ ዛሬ ጠዋት ሳሰጣው ከነበረው ይበልጥ ርሶ አገኘሁት።

እኛ በጤና በኩል ደህና ነን። የኔ ሰውዬ ራስል ያው አውቶቡሱን ይነዳል። እኔም ትምህርት ቤቱ ስለተከፈተ ወደ ወጥ ቤቴ ተመልሻለሁ፤ ልጆቹ ዘንድሮም አተር አይበሉም። በጤና በኩል እያልኩ የምጽፍልሽ በሌላ በኩል ደህና ስላልሆንን ነው። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ የላክሁልሽን የደስታ መልእክት እርሺው። ልጄ ብሪዮኒ ቦታውን አላገኘችም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤዬ እስኪደርስሽ ወደ ቤት አትደውዪ ስልሽ ግራ እንደገባሽ አውቃለሁ። ግን የዚህን ቤት ግድግዳ ታውቂዋለሽ፤ ታች ለሚያስነጥስ ሰው ከላይ ሆነው ይማርህ ይሉታል። ልጅቷ እየሰማችኝ ስለ እሷ ማልቀስ አልፈለግሁም። አንቺም ብትሆኚ የስልኩን ድምፅ ለቀሽ ጠረጴዛ ላይ ስለምታስቀምጪው፣ እማዬ ነገሩን ድንገት ከእኔ አፍ እንድትሰማው አልፈለግሁም።

ሕግ ተምራ ጨርሳ የለም ወይ፣ አሁን ደግሞ ምን ቀራት እያልሽ ስትጠይቂኝ ኖረሻል። መጨረሱ ብቻ አይበቃም፤ አንድ የጥብቅና ቢሮ በተለማማጅነት ወስዶ ካላሠራት ጠበቃ አትባልም። እሷ ደግሞ የፈለገችው ቤት የሚያሻሽጡትንና ባልና ሚስት የሚያፋቱትን አይደለም፤ ኩባንያ ከኩባንያ ሲገዛዛ ውሉን የሚጽፉትን ትልልቆቹን ነው። ራስል ይሠራበት የነበረው የሱፍ ፋብሪካ የተሸጠ ጊዜ፣ ለሠራተኛው የመጣውን ወረቀት እኛ ጠረጴዛ ላይ አገኘችውና፣ ይሄን የሚጽፈው ማነው ብላ ጠየቀችኝ። ገና ልጅ ነበረች። እኔም ምን አውቄ፣ ሊድስ ከተማ ያሉ ሰዎች ናቸው አልኳት። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ሊድስ ያሉት ሰዎች ዘንድ መግባት ነው ሐሳቧ።

ስታመለክት ይሄ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። እያንዳንዱ ቢሮ፣ ከሁሉ መርጠሽ ወደ እኛ ለምን መጣሽ ብሎ ይጠይቃታል። እሷም ለእያንዳንዱ፣ ልቤ ካንተ ሌላ አላየም ብላ ትጽፋለች። ራስል፣ ይሄ ሁሉ እጮኛሽ አንድ ቀን ገበያ ላይ ቢገናኝ ምን ይውጥሽ ይሆን እያለ ያሾፍባት ነበር። እሷም፣ አባዬ እነሱም እኮ ሺህ እጮኛ አላቸው ትለዋለች። ከማመልከቻው ቀጥሎ ደግሞ ሰው የሌለበት ቃለ መጠይቅ አለ። ጥያቄው ከኮምፒውተሩ ይወጣል፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ እሷ ለራሷ ፊት ትመልሳለች። ከጀርባዋ ባዶ ግድግዳ እንዲታይ ብላ የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ እኔ መኝታ ቤት ትተክልና ኮምፒውተሩን እላዩ ላይ ታስቀምጣለች። እኔ ደግሞ ፖስተኛው እንዳያንኳኳ ውጭ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ስለ ንግድ ዓለም ስለሚጠይቋት ቁርስ ላይ የምንሰማው የገበያ ዜና ብቻ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ጥብስ ዓሣ ልንገዛ ሄደን ለባለሱቁ ዓሣ ለምን እንደተወደደ ከመርከቡ ነዳጅ ጀምራ እስከ መጥበሻው ዘይት ስታስረዳው፣ ሰውየው ጭልፋውን እንደያዘ ሰምቷት ሲያበቃ፣ "ታዲያ የኔ እመቤት፣ ልቀንስልሽ ነው ወይስ ልጨምርብሽ?" አላት። ያኔ እንስቅ ነበር።

ዘንድሮ ሊድስ ያለ አንድ ትልቅ ቢሮ፣ ሁለት ሳምንት መጥተሽ አብረሽን ሥሪና እንይሽ አላት። እዚህ ድረስ ደርሳ አታውቅም። ለተለማማጅነት የሚያስቀሩትን የሚመርጡት በዚያ መንገድ ካዩዋቸው ልጆች ነው። በየቀኑ በባቡር ትሄዳለች፤ ስትመለስ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ ታወራናለች። ሌሎቹ ልጆች አለቃቸውን ሚስስ ሃድልስተንን፣ ልክ አብሮ አደጋቸው ይመስል፣ ሃሪየት ሃሪየት ይሏቸዋል አለችን። እንዲያ ጥሩኝ ያሉትም ራሳቸው ሴትዮዋ ናቸው። ብሪዮኒን ግን አፏ እምቢ አላት። በስማቸው ልጠራቸው አፌን ስከፍት አየር ብቻ ይወጣል አለችኝ። እናም በስብሰባው ላይ ሌሎቹ ሃሪየት ብለው ጣልቃ ሲገቡ፣ የኔዋ ሴትዮዋ ቀና ብለው እስኪያዩአት እየጠበቀች ሁለቱን ሳምንት ጨረሰች። እኔም ሞኟ፣ ጨዋ ልጅ አሳደግሁ ብዬ ኮርቼ ነበር።

አሁን ሐሙስ የሆነውን ልንገርሽ። እነዚህ ቢሮዎች አንድ ልማድ አላቸው። ለተቀበሉት ሰው ይደውሉለታል፤ ያልተቀበሉትን በኢሜይል ይሸኙታል። የሚያመለክቱት ልጆች ሁሉ ይሄን ያውቃሉ፤ ኢንተርኔት ላይ ተሰብስበው፣ የተደወለለት አለ ወይ ብቻ ነው የሚባባሉት። ብሪዮኒ ኢሜይሉን ለምዳዋለች፤ የመጀመሪያውን መስመር አይታ ትዘጋዋለች። ስልክ ግን ተደውሎላት አያውቅም።

መልሱ ሐሙስ ይደርስሻል ተብላ ነበርና ከውሃ መሥሪያ ቤቱ ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ከትምህርት ቤት ገብቼ ድንች እልጣለሁ። ስልኩ ጮኸ። አንገቷን በወጥ ቤቱ በር ብቅ አድርጋ፣ "እማ፣ ደወሉ" አለችኝ። ፊቷን ልገልጽልሽ አልችልም። ሳሎን ገብታ በሩን ዘጋች።

መጠበቅ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ከደወሉ በኋላ ሌላ ምን እጠብቃለሁ? በእርጥብ እጄ ላንቺ ጻፍኩልሽ። ራስል ጋ ደወልኩ። መናኸሪያው ውስጥ ከሾፌሮቹ ጋር ሻይ ይዞ ነበርና፣ ልጄ ጠበቃ ሆነች ብሎ ሲያውጅ የሰዎቹ ጭብጨባ በስልኩ ተሰማኝ። ጎረቤታችን ናስሪን የቆሻሻ ገንዳዋን ስታወጣ በመስኮት አይቼ እሷንም ጠርቼ ነገርኳት። ብሪዮኒ ትንሽ ሳለች እኔ ከሥራ እስክገባ የምትቆየው እሷ ቤት ስለነበር የራሷ ልጅ ያህል ነች። ገንዳውን እዚያው መንገድ ላይ ትታ ገባችና፣ ለእህቷ ልጅ የቀለበት ቀን ያስቀመጠችውን ላዱ ከነካርቶኑ ይዛ መጣች፤ ያ ክብ ክብ ቢጫ ጣፋጭ። እነሱ ዘንድ ደስታ ሲሆን ሰውን በእጃቸው ነው የሚያጎርሱት።

ሳሎን ውስጥ ብሪዮኒ፣ "ስለደወሉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ" ስትል በበሩ ሰማኋት። እኔና ናስሪን እንደ ኮረዳ ተቃቅፈን ዘለልን።

በሩ ሲከፈት ናስሪን ፊት ለፊቱ ቆማለች። "ነይ የኔ ጠበቃ" ብላ፣ ልጅቷ ቃል ሳታወጣ አንዱን ላዱ ሙሉውን አጎረሰቻት። ኢቮን፣ ልጄ ያንን ላዱ አኘከችው። ቆማ፣ አንዴ እኔን አንዴ ናስሪንን እያየች፣ ቀስ ብላ አኝካ ጨረሰችውና ዋጠችው። ከዚያ ከንፈሯን በጣቷ ጠረግ አድርጋ፣ "በጣም ይጣፍጣል አክስቴ፣ እጅሽ ይባረክ" አለች። ቀጥላም፣ "አልተቀበሉኝም" አለች።

"ታዲያ ለምን ደወሉ?" አልኳት። እናት ሆኜ ከአፌ የወጣው ይሄው ነው።

"ጥሩ ሰው ስለሆኑ ነው፣ እማ።"

የደወሉት ሚስስ ሃድልስተን ናቸው። አንቺን የመሰለች ልጅ በኢሜይል መሸኘት ከበደኝ፤ እኔው ራሴ ልንገራት ብዬ ነው አሏት። ሁሉም ወደውሻል፣ ሥራሽም ንጹሕ ነው፣ ቦታው ግን ጥቂት ነው፣ ድምፅሽን ደግሞ ብዙ አልሰማነውም አሏት። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰሽ አመልክቺ፣ ደስ ይለኛልም አሏት። እኔ ሴትዮዋን ልጠላቸው ሞክሬ ነበር፤ የምጠላበት ነገር አጣሁ። እንደሱ ያለ ደግነት ግን ዳግመኛ ደጄ አይድረስ።

ናስሪን ካርቶኑን መልሳ አልወሰደችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና በራሷ ቋንቋ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ምን አልሽ ብላት፣ ልጅ ፊት አይተረጎምም አለችኝ። ብሪዮኒ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም። ደግሞም የቀለበቱን ጣፋጭ አስነካሁብሽ ብላ ናስሪንን ይቅርታ ጠየቀቻት። ይታይሽ፣ በዚያ ሰዓት ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

ራስል ምንም ሳይሰማ ከነዳጅ ማደያው አበባ ገዝቶ እየዘፈነ ገባ። ገና ከበሩ ፊቴን አይቶ ዘፈኑን አቆመ። አበባውን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኮቱን ሳያወልቅ ይዞት ተቀመጠ። የመናኸሪያው ሰው እስካሁን እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል፤ እሱ ደግሞ እውነቱን መናገር አቅቶት አመሰግናለሁ እያለ ይመለሳል። ትናንት አንዱ ሾፌር፣ ስታገባ ደግሞ ሙሽራዋን በአውቶቡስ ነው የምናመጣት፣ ጠበቃ ስለሆነች ግን ሒሳብ ትከፍላለች ብሎ ሲቀልድበት እኩል ስቆ መጣና እራት አልበላም አለኝ።

በማግስቱ ብሪዮኒን እዚያው ደረጃ ላይ አገኘኋትና አጠገቧ ተጠጋግቼ ተቀመጥኩ። ሲከፋኝ ሁልጊዜ የምለው ነው፣ ሌላ ዓመት አለ አልኳት። ይሄን አትበዪኝ እባክሽ አለችኝ። አራተኛ ዓመት ደግሞ ለምን እኛን መረጥሽ ብለው ሲጠይቁኝ የምጽፈው አልቆብኛል አለች። ቀጥላም፣ "በኢሜይል ቢሆን ኖሮ እኮ ብቻዬን አነበው ነበር" አለችኝ። እየወቀሰችኝ አልነበረም፤ እንዲያው ደክሟት ነው የተናገረችው። ቢሆንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንች ስልጥም፣ አውቶቡስ ስጠብቅም፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ነው የምሰማው።

እኔ ለራሴ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሰው ትፈልጋላችሁ ወይ አልኩ፤ ሽርጥ ሰጡኝ። ማንም ለምን እኛን መረጥሽ አላለኝም። ስለዚህ ምን እንደምመክራት አላውቅም። ያስተማርኳትም ሰው ሲያወራ ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው አታቋርጪ የሚለውን ነው፤ ይሄው አስተማርኳት።

ሰኞ ዕለት የውሃ መሥሪያ ቤቱ፣ ያ ቧንቧ ፈነዳብን ብለው የሚቆጡትን ሰዎች ስልክ የምታነሳበት ቦታ፣ የቡድን ኃላፊ ሁኚ አላት። ቋሚ ሥራ ነው። ከበጋው ጀምሮ ሲለምኗት፣ የሊድሱን መልስ ልወቅና ትላቸው ነበር። አሁን እሺ አለች። እሺ ስትል እዚያ ለመቆየት ፈርማለች ማለት ነው፤ ማመልከቻ መጻፉንም ትታዋለች። ተመስገን ሥራ ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ላቅፋት ስነሣ እግሯን የረገጥኳት ያህል አየችኝ፤ እጄን መለስኩ።

የምለምንሽ ነገር የእማዬ ነው። ዜናውን ስትሰማ ሊፕስቲክ ተቀብታ ለክበቧ ሰዎች ሁሉ ልታወራ ወጣች ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔ ባንነግራትስ ብዬ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዋ የልጅ ልጄ ጠበቃ ናት እያለች ብትኖር ማንን ትጎዳለች? ብሪዮኒ ግን እንዲነገራት ትፈልጋለች። አያቴ በየእሑዱ ደውላ ስለ ሊድስ ስትጠይቀኝ ምን እላለሁ አለችኝ። እውነቷን ነው። እንግዲህ እማዬን በደህናው ጆሮዋ በኩል ተቀመጪና አንቺው ንገሪያት። በጩኸት አይሁን፤ ግን ሁለተኛ መድገም እንዳይኖርብሽ አጥርተሽ ንገሪያት።

ኮሊንን፣ ወገቡን ይማረውና፣ ሰላም በዪልኝ፤ የአትክልቱን ቁፋሮ ዘንድሮ ለሌላ ሰው ይተው። ለውሻችሁም ሰላምታዬ ይድረሰው። እማዬን ሳሚያት፤ ግን ከነገርሻት በኋላ ሳሚያት፤ ቀድመሽ ከሳምሻት ታውቅብሻለች። ራስል እጅ ይነሳችኋል፤ ናስሪንም እንዲሁ፣ ጉልበትሽን በሞቀ ዘይት እሺው ብላሻለች። አንቺንም እግዜር ይጠብቅልኝ።

ብሪዮኒ የቅዳሜ ተራ ደርሷት ዛሬ ማለዳ ስትወጣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አገኘችኝ። ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ፤ ለአክስትሽ አልኳት። ምን ልበልልሽ ብላት ኮቷን ቆልፋ ጨረሰች። ከዚያ፣ "ሥራ ሄዳለች በያቸው" ብላኝ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። ሥራ ሄዳለች፣ ኢቮን።

እህትሽ ጌይኖር

ኪትሊ፣ ዮርክሸር
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2024