ጋሽ ታደሰ ያልሰረዙት ቃል

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ልደታ

ጋሽ ታደሰ ጽሑፋቸውን ዛሬ መለሱልኝ፤ እንዲያስተካክሉት የለመንኳቸው አንቀጽ እንዳለ ነው።

ፊዚክስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ጎረቤቴ ናቸው። ለጋዜጣችን ስለ ኳንተም ፊዚክስ እንዲጽፉ የጠየቅኳቸውም እኔው ነኝ። ጽሑፉ ግልጽና ጥሩ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ልደታ ማርያም ሲያስቀድሱ ሟች ባለቤታቸው አጠገባቸው የቆሙ ያህል እንደተሰማቸው ይናገራሉ። ተራርቀውም ግንኙነታቸው የማይቋረጥ ቅንጣቶች መኖራቸው ለዚህ ማስረጃ ነው ይላሉ።

ግቢው ውስጥ አገኘኋቸውና፣ "ጋሼ፣ የተሰማዎት ይውጣ። 'ማስረጃ' የሚለውን ብቻ እንሰርዘው። ማን ለካው?" አልኳቸው።

"አንተስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የባለሥልጣን ቃል ስታትም ለክተህ ነው?"

አጠገባችን የተቀመጡት ጎረቤቶች ሳቁብኝ።

"እሱ እኮ 'አሉ' ተብሎ ነው የሚወጣው" አልኩ።

"እንግዲያው እኔንም 'አሉ' በለኛ!"

ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። ትክክለኛ መልስ ጽፌ፣ ስሌቱን ስላላሳየሁ ዜሮ የሰጡኝ እኚሁ መምህር ናቸው። ቃሉን ከሰረዝኩ ጽሑፉን በሙሉ እንደሚወስዱት ነግረውኛል። ገጹ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ለኅትመት ይዘጋል።